የቁስሉ የሥራ ሰዓት

የጋሽ ይመር ቁስል ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል። ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ይዘጋል፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ተከፍቶ አሥር ሰዓት ላይ የዕለቱን ሥራ ይጨርሳል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው። እሑድና በበዓላት ዝግ ነው። ይህ ሁሉ ዋርድ ስድስት በር ላይ በወፍራም ፊደል ተለጥፏል። ከሥሩም «ተማሪዎች ተራችሁን ጠብቁ» ይላል።

ማስታወቂያውን የጻፈችው የተግባር ትምህርት አስተማሪዋ ሲስተር የሺመቤት ናት። ስትጽፈው «ቁስሉ» ልበል ወይስ «ጋሽ ይመር» ብላ ጥቂት አስባ ነበር። ጋሽ ይመር አይከፈቱም። ስለዚህ «ቁስሉ» አለች። ይኸው ስድስት ዓመቱ።

ኮምቦልቻ ላይ የአልጋ ቁስል ከጠፋ ቆይቷል። በምሥራቅ በር ማስተማሪያ ሆስፒታል ያለው አልጋ ሁሉ በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ራሱ ያገላብጣል። የተላጠ ቆዳ ቢገኝ እንኳ ቆዳ የሚያበቅል መድኃኒት ይረጭበትና በሦስተኛው ቀን ይገጥማል። የሙያ ፈቃድ ቦርዱ ግን ይህን አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ዝም ብሏል። አንድ የነርስ ተማሪ ለመመረቅ አሥራ ሁለት የደረጃ ሦስት፣ ማለትም ቆዳ አልፎ ስብ ድረስ የዘለቀ የአልጋ ቁስል እጥበት፣ በሕያው ሰው ገላ ላይ፣ በአስተማሪ ፊርማ ማሳየት አለበት። ተመራቂዎቹን የሚወስዱት አገሮች በአሻንጉሊት ላይ የሠለጠነ ነርስ ሁለት ጊዜ ተልኮላቸው ሁለት ጊዜ መልሰዋል። ከዚያ ወዲህ «በሕያው ሰው ገላ ላይ» የሚለው በቀይ ይጻፋል።

ዘንድሮ ሁለት መቶ አሥራ አራት ተማሪ አለ። ቁስል አንድ ነው።

ስለዚህ የአልጋ አሥራ አንድ ማገላበጫ ቁልፍ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ እርጭቱም ወደዚያ አልጋ እንዳይደርስ ታዟል። ትእዛዙ የተጻፈበት ወረቀት የለም። በየዓመቱ መጀመሪያ ቀን ተማሪዎቹ ኮሪደር ላይ ይሰበሰቡና በቃል ይነገራቸዋል። የሚጠይቅ ተማሪ እስካሁን አልተገኘም።

ሲከፈት ስድስት ስድስት እየሆኑ ይገባሉ። አንዱ ያጥባል፣ አንዱ መብራት ይይዛል፣ አንዱ ጎዝ ያቀብላል፣ ሦስቱ ያያሉ። ስድስቱም የተግባር መዝገባቸው፣ ሎግቡካቸው ላይ ያስፈርማሉ። ሽታው ከቁስሉ ቀድሞ ይደርሳል። በሩ ጋ የከረመ አይብ ይመስላል፤ ፋሻው ሲነሳ ግን እሱን አይብ ማለት አይብን መስደብ ነው። ቢጫና አረንጓዴ ፈሳሽ ከጎዙ አልፎ እስከ ጓንቱ ድረስ ክር እየሠራ ይለጠጣል። ተማሪዎቹ ማስካቸው ውስጥ ጤና አዳም ሸጉጠው ይመጣሉ።

«ጋሽ ይመር፣ እንዴት አደሩ? ቁስላችንስ እንዴት አደረች?» ይላል የክፍሉ ተወካይ ናትናኤል፣ ጓንቱን እያጠለቀ።

«አብሽር፣ ደህና ናት። ስትጠብቅህ አደረች።»

«ዛሬ አሥረኛዬ ናት። ሁለት ብቻ ቀሩኝ።»

«በል ጀርመን ስትገባ እንዳትረሳኝ። መምህርህ እኮ ጀርባዬ ነው።»

ይስቃሉ። ጋሽ ይመርም በሆዳቸው እንደተኙ ትራሱ ውስጥ ይስቃሉ። በሚሌ መንገድ ላይ የጭነት መኪና በእጃቸው ከነዱት ሰዎች የመጨረሻው ናቸው። መኪናው ሲገለበጥ ከወገብ በታች ያለውን ስሜትና እንቅስቃሴ ወሰደባቸው፤ ሰፈራቸውን ደግሞ ያለ ሾፌር የሚሄዱት መኪኖች ማደሪያ ወሰደው። አፍንጫቸውን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ናፍጣ በልቶታል፤ ሽታ የሚባል ነገር አያውቁም። ከሆስፒታሉ ጋር ያላቸው ስምምነት አጭር ነው። ቁስሉ ደረጃ ሦስት እስከሆነ ድረስ አልጋውም ምግቡም የሳቸው ነው። ከዚያ ከወረደ እንደማንኛውም የዳነ ሰው ይሸኛሉ።

እዚህ ላይ የሐሙስ ሥራ ይመጣል። ሰው አስቸጋሪ ፍጥረት ነው፤ ያለ ፈቃድ ይድናል። ሐሙስ ከሰዓት የቁስሉ ጠርዝ ሮዝ ሆኖ ከተገኘ ሲስተር የሺመቤት መጋረጃውን ትስብና ደረጃውን ታስጠብቃለች። ደረጃ ማስጠበቅ ማለት ደርቆ የተጣበቀውን ጎዝ ሳያርሱ መንጨት ነው። ካልበቃ ጫፏ ማንኪያ የምትመስል ብረት አለች። ጋሽ ይመር ስለማይሰማቸው በዚያ ሰዓት ሬዲዮ ያዳምጣሉ። አንዳንዴም ዜናውን ይነግሯታል።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሲስተር የሺመቤትን ማስታጠቢያው ላይ አስመለሳት። በሁለተኛው አላስመለሳትም። ዛሬም ትዝ ሲላት ፊቷን የሚያስጨማድዳት ሁለተኛው ነው። እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፤ ከዚያ እንደገና ትታጠባለች። ወጥ ላይ ቅቤ ረግቶ ካየች ከማዕድ ትነሳለች።

ታሪኩ የተበላሸው የዓመት ፈቃዷን ጨርሳ በተመለሰችበት ሐሙስ ነው። ሦስት ሳምንት ቀርታለች። ሰኞ የቦርዱ ፈታኞች ይመጣሉ። ተክቷት የነበረው አስተማሪ አፍንጫው የሚቆጣ ሰው ስለነበር ከኮሪደር ሆኖ ነው ሲፈርም የከረመው። መጋረጃውን ሳበች፣ ፋሻውን አነሳች፣ ከዚያ ቆመች።

መጀመሪያ የገረማት አለመሽተቱ ነው። ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ የማጠቢያው ጨው ውኃና ሰው፣ ሌላ የለም። ሰባት ሴንቲ ሜትር የነበረው አፉ አራት ተኩል ሆኗል። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር በሮማን ፍሬ የተደረደረ ይመስል ቀይና እርጥብ ነበር። እንዲህ ያለ ቁስል ያየችው ወጣት ነርስ ሳለች ነው። ሳታስበው ደስ አላት። ደስታዋ ሰኞ ትዝ እስኪላት ቆየ፤ አንድ ደቂቃ ግድም።

«ምነው ዝም አልሽ ሲስተር?» አሉ ጋሽ ይመር፣ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነስ አድርገው።

«ምንም። ጎዝ ላመጣ ነው።»

ጎዝ ልታመጣ ስትወጣ አቶ ጌትዬ ኮሪደር ላይ ጠበቃት። የተግባር ትምህርት አስተባባሪ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቁስል ነክቶ አያውቅም። ሲስተር የሺመቤት በልቧ ስታስበው «አቶ»ውን አትጨምርለትም።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ሲስተር። ፈቃድ እንዴት ነበር? የግድግዳው ካሜራ ዛሬ የላከልኝን አየሁት። ቁስሉ ወርዷል።»

«እየዳነ ነው ለማለት ነው?»

«ወርዷል ነው የምንለው። ከሦስት ወደ ሁለት።» ፈገግ አለ። «ሁለት መቶ አሥራ አራት ልጅ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤተሰብ፣ ሰኞን እየጠበቀ ነው። ማን እንዳበላሸው ይታወቅ። የማስተማሪያ ንብረት ማበላሸት በደንባችን ያስባርራል። ተማሪ ከሆነ ደግሞ ሌላ ኮሌጅም አይቀበለውም።»

«ሰውየው ንብረት ናቸው እንዴ?»

«ሰውየው ሰው ናቸው፣ ሲስተር። አልጋ አሥራ አንድ ነው በንብረት የተመዘገበው፣ ከነ...» እጁን በአየር ላይ አሽከረከረ፤ ቃሉን አላገኘውም። «ለማንኛውም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው፤ የሚረብሽዎት የለም። ቅዳሜ ደረጃው ከተመለሰ የተበላሸ ነገር የለም ማለት ነው። የተበላሸ ከሌለ ያበላሸም የለም። ሁላችንም በሰላም እንገባለን።»

ይህን ብሎ ትከሻዋን በትህትና መታ መታ አደረገና ሄደ። የነካት ቦታ እስከ ማታ ቀፈፋት።

ያበላሸውን ለማወቅ ብዙ አልተለፋም፤ አልጋው ራሱ መሰከረ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ ጠዋት ድረስ፣ በየሁለት ሰዓቱ ተገላብጧል። ቁልፉ ላይ ያለው ፕላስተር በየቀኑ እየተላጠ፣ በየጠዋቱ እየተለጠፈ ነበር። የሚለጥፈው ናትናኤል ነው። «የዘንድሮ ፕላስተር አይይዝም፤ ቀይሩልን» ብሎ ሁለት ጊዜ አቤቱታ አስገብቷል። የምትልጠው ደግሞ ከዋርዱ በመጨረሻ የምትወጣው ተማሪ ነበረች።

ሰዓዳ እንድሪስ ትባላለች። ቀጭን፣ ሎግቡኳን በፌስታል ጠቅልላ የምትይዝ፣ ጥያቄ ስትጠየቅ ብድግ ብላ የምትመልስ ልጅ ናት። ሲስተር የሺመቤት አርብ ጠዋት የአንሶላ ክፍል ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋች።

«አልጋ አሥራ አንድን አንቺ ነሽ የምታበሪው?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

«ፕላስተር አልነበረበትም?»

«ነበረበት። ሰው በስህተት የለጠፈው መሰለኝ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ፣ ሲስተር። ተማሪ ብዙ ነው። ስህተትም ብዙ ነው ብዬ።»

ሲስተር የሺመቤት ልጅቷ እየቀለደች እንደሆነ ፊቷን መረመረች። አልነበረችም።

«ሌላስ ምን አደረግሽ?»

ሰዓዳ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ እጇን ከትታ አንድ የተቀቀለ እንቁላል አወጣች። ቀጥሎ ሌላ አወጣች። ሁለቱንም አንሶላው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ማስረጃ ይመስሉ ነበር።

«ፕሮቲን። መጽሐፉ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ አለ። ‹በየሁለት ሰዓቱ አገላብጥ፣ ደረቅ ጎዝ አርሰህ አንሳ፣ ፕሮቲን ስጥ› ይላል። ጋሽ ይመር የሆስፒታሉን ሾርባ አይወዱትም። እንቁላሉን ግን ይወዱታል። ሲበሉ ስለ ሚሌ ያወሩኛል።»

«የመጀመሪያው ቀን ኮሪደር ላይ የተነገረውን አልሰማሽም?»

«የመጀመሪያው ሳምንት ወባ ይዞኝ ተኝቻለሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ምን ነበር የተባለው?»

ሲስተር የሺመቤት ነገረቻት። በቃል ስትናገረው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ሁልጊዜ ኮሪደር ላይ የሚናገረው ጌትዬ ነው። አጭር ነገር ነው፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር አይሞላም። ተናግራ ስትጨርስ አፏ ውስጥ የሆነ ነገር የቀረ መሰላት።

ሰዓዳ እንቁላሎቹን መልሳ ኪሷ ከተተች።

«እባረራለሁ?» አለች።

«ቅዳሜ ከሰዓት ነይ። መብራት ትይዢያለሽ።»

የዚያኑ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ለጋሽ ይመርም መንገር ነበረባት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጋሽ ይመር፣ ጀርባዎ እየዳነ ነው።»

ጋሽ ይመር የያዙትን ዳቦ ዝቅ አደረጉ።

«ማነው እንዲህ ያደረገኝ?»

«አንድ ተማሪ።»

«ባለ እንቁላሏ?»

«እሷ።»

«ወላሂ፣ ጠርጥሬ ነበር። በደግነት የሚመጣ ልጅ አንድ ነገር ሳያበላሽ አይሄድም።» ዳቦውን ሳህኑ ላይ ወረወሩት። «ስሚኝ ሲስተር። እኔ ቤት የለኝም። ቤቴ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ሰው የሌለበት መኪና ቆሞ ያንኮራፋል። እዚህ ግን ከሺህ በላይ ልጅ አስተምሬያለሁ። አንዳንዱ ከዚያ ማዶ ፎቶ ይልክልኛል። ስድን ምን እባላለሁ? ሽባ! ሌላ ስም አለ? አሁን ግን...» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቅዳሜ ትሠሪዋለሽ አይደል?»

«አቶ ጌትዬ አዟል።»

«እሱን ተይው። እኔ ነኝ የማዝሽ። ካስፈለገም በዚያኛው ጎን ጨምሪበት፤ ግራ ዳሌዬ ገና አልተነካም።»

እንዲህ ሲሉ እንደ መርካት አሉ፤ አንድ ሰው ያለውን ትርፍ ክፍል ለእንግዳ ሲያሳይ እንደሚለው። ሲስተር የሺመቤት ተነስታ ሄዳ እጇን ታጠበች።

ሌሊቱን ስታሰላው አደረች። ብትሠራው ልጅቷ ትመረቃለች፣ ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ይቀራሉ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤተሰብ ድግስ ይደግሳል። ባትሠራው ሁሉም ይቀራል። በየትኛውም በኩል ብታዞረው ብረቷን መያዝ ነው የሚያዋጣው። የሚያቅለሸልሸውም ይኸው ማዋጣቱ ነበር።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ዋርድ ስድስት ዝግ ነበር። መጋረጃውን ሳበች። ጋሽ ይመር በሆዳቸው ተኝተው ሬዲዮ ከፍተዋል፤ ሰዓዳ መብራቱን ይዛ ቆማለች። ማስክ አድርጋለች፤ ጤና አዳም ግን አልያዘችም። ሲስተር የሺመቤት ብረቷን ከትሪው አነሳች። ቀላል ናት፤ የሻይ ማንኪያ ታህላለች። ቁስሉ በመብራቱ ሥር ንጹሕ ነበር፤ ሐሙስ ካየችውም በጥቂት ጠቦ ነበር።

«ጀምሪ እንጂ» አሉ ጋሽ ይመር። «ዜናው ሊጀምር ነው።»

የብረቷን ጫፍ ጠርዙ ላይ አሳረፈች። አንዲት የደም ነጥብ ብቅ አለች። ሰዓዳ መብራቱን አልነቀነቀችም፤ ፊቷም አልተለወጠም። ጎንበስ ብላ በትኩረት አየች። ከዚያ በአንድ እጇ ሎግቡኳን ከፌስታሉ አወጣችና አንገቷን ቀና አደረገች።

«ሲስተር፣ ይሄ በየትኛው ቁጥር ነው የሚሞላው?»

«ምኑ?»

«ይሄ ሥራ። ‹ደረጃ ማስጠበቅ› የሚል ሎግቡኩ ላይ የለም። ‹ሌሎች› የሚለው ውስጥ ልጻፈው? ብረቷን የሚይዙበትን ማዕዘን ደግሞ ቢነግሩኝ። ወደፊት ብቻዬን ስሠራው እንዳላበላሽ።»

በልጅቷ ድምፅ ውስጥ ቂም አልነበረም። ለመማር ተዘጋጅታ ነበር። ምዕራፍ ዘጠኝን በተማረችበት ልብ ይህንንም ልትማር፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ልትጽፈው፣ አንድ ቀን ደግሞ ለሌላ ልጅ ልታስተምረው ቆማለች። ሲስተር የሺመቤት ሃያ ሰባት ዓመት ካስተማረቻቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ጥሩ ተማሪ አልገጠማትም። የመጀመሪያው ሐሙስ ተመልሶ መጣባት።

ብረቷን ትሪው ላይ ጣለች። ማስታጠቢያው ጋ ሮጣ ደረሰች፤ አስመለሳት።

«ሲስተር!» አሉ ጋሽ ይመር። «ምን ሆንሽ? አሟት ነው እንዴ ልጄ?»

«አስመለሳቸው» አለች ሰዓዳ።

ሲስተር የሺመቤት አፏን ተጉመጠመጠች። ፊቷን በጋዋኗ ጠረገች። ተመልሳም «የትም አይሞላም» አለቻት። «ጎዝ አርሰሽ አልብሺው። በመጽሐፉ።»

«እንዴ!» አሉ ጋሽ ይመር። «ስምምነታችንስ?»

ከአልጋው ኋላ ተማሪዎች የሚያዩበት ትልቅ ስክሪን አለ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ፊቱ ወደ ተማሪ፣ ጀርባው ወደ በሽተኛው ነበር። ሲስተር የሺመቤት ጎትታ በጋሽ ይመር ፊት አቆመችው። ባለፈው ግንቦት የተነሣ ምስል አወጣችበት።

ጋሽ ይመር አዩ። ዓይናቸውን አጥብበው እንደገና አዩ።

«ምንድነው እሱ? በግ የታረደበት ነው?»

«የእርስዎ ጀርባ ነው።»

«የኔ?»

«ግንቦት ላይ። ያ ነጩ ስብ ነው።»

ሬዲዮው ዜናውን ጀመረ። ሰዓዳ እጇን ሰድዳ አጠፋችው።

«ሳንቲም የምታህል ነገር ነበር የምትመስለኝ» አሉ ጋሽ ይመር በመጨረሻ። «እየሳቁ ነው እኮ የሚገቡት ልጆቹ። ይሄን እያዩ ነው የሚስቁት?» ቆም አሉ። «ይሸታል?»

ሰዓዳ የሲስተር የሺመቤትን ፊት አየች።

«ለካ ጤና አዳሙ ለዚህ ነው። ለሆድ ቁርጠት ይዘውት የሚዞሩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ስጡኝ እንኳ ብያቸዋለሁ።» አንገታቸውን አዞሩ፤ ትራሱ ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ አቅለሸለሻቸው፤ ምንም አልወጣም። ስድስት ዓመት ሙሉ ዋርዱ ውስጥ ያልተጸየፉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አሁን እሳቸውም ገቡበት።

«አጥፊው» አሉ።

አጠፋችው።

«እና አሁን የት ልሂድ?»

«ልጄ ካገባች ወዲህ እኔ ቤት አንድ ክፍል ባዶ ነው። ቦርከና ወንዝ አጠገብ። አልጋው አይገላብጥም፤ እኔ ግን አገላብጣለሁ» አለች ሲስተር የሺመቤት።

«እኔም ከሰዓት ከሰዓት እመጣለሁ» አለች ሰዓዳ።

«አንቺ ዝም በይ። አንቺ ነሽ ጉድ ያደረግሽኝ።» ትንሽ አሰቡ። «ስድንስ ምን እሠራለሁ?»

«እሱን አላውቅም» አለች ሲስተር የሺመቤት። ውሸት መናገር ሰልችቷት ነበር።

ጋሽ ይመር ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ከረጢቴ ከአልጋው ሥር ናት» አሉ። «ሬዲዮዋ የኔ ናት፤ እንዳትረሱ።»

በባለጎማ ቃሬዛ እየገፉ እስከ ግቢው በር ድረስ ማንም አላስቆማቸውም። በሩ ላይ ግን የሚወጣውን የሚፈትሸው ማሽን ቀይ አበራ። ዘበኛው ሙሄ ከጎጆው ወጣ፤ ማሽኑን አየ፤ ጋሽ ይመርን አየ፤ እንደገና ማሽኑን አየ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ። ሰው ቢሆን ይወጣ ነበር። ማሽኑ ግን ንብረት ነው የሚለኝ። ንብረት ደግሞ ያለ መውጫ ወረቀት አይወጣም።»

«አንተ ሙሄ!» አሉ ጋሽ ይመር ከቃሬዛው ላይ። «አባትህን እኮ ሚሌ ድረስ በነፃ የወሰድኩት እኔ ነኝ! ዛሬ ንብረት ትለኛለህ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ፤ ማሽኑ ነው።»

«ወረቀቱን ሙላው» አለች ሲስተር የሺመቤት።

ሙሄ በአንድ ጣቱ እየነካ መሙላት ጀመረ። ጣቱ ቀርፋፋ ነው፤ ከኋላቸው ሰልፍ ተሠራ።

«የመውጫ ምክንያት?»

«እየዳኑ ነው።»

ሙሄ ዝርዝሩን ወደ ላይ ወደ ታች ፈለገ። «እሱ የለም። ያለው ጥገና፣ ውሰት፣ ብልሽት፣ ማስወገድ ነው። ከአራቱ አንዱን ካልመረጥኩ አይከፍትም።»

ሲስተር የሺመቤት አፏን ከፈተች፤ ሰዓዳ ቀደመቻት።

«ብልሽት በለው።»

«ብልሽት ካልኩ ያበላሸውን ሰው ስም ይጠይቃል።»

«ሰዓዳ እንድሪስ።» ቆጥራ እንደምታስረክብ ሁሉ ረጋ ብላ ተናገረችው። «የአራተኛ ዓመት ነርስ ተማሪ።»

«ሰዓዳ» አለች ሲስተር የሺመቤት፣ «ይሄ ወረቀት ያስባርርሻል።»

«አውቃለሁ። ግን እኔ ነኝ ያደረግሁት፤ ሌላ ሰው አላደረገውም።» ይህን ያለችበት ድምፅ ኩራት የተቀላቀለበት ነበር፤ በክፍል ውስጥ ብድግ ብላ ስትመልስ ከእሷ ተሰምቶ አያውቅም።

ሙሄ ጻፈው። ከዚያ «ያየ አስተማሪ ፊርማ» ይላል አለ። ሲስተር የሺመቤት ጣቷን ማሽኑ ላይ አሳረፈች። በዚያ ዓመት ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ፈርማለች፤ ከሁሉም የዳነ ነገር በዓይኗ አይታ የፈረመችው ይህን ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተ። ከቃሬዛው ጋር ወደ ታች፣ ወደ ቦርከና አቅጣጫ አስፋልቱን ያዙ። ሰው የሌለባቸው መኪኖች በጎናቸው እየበረሩ ያልፋሉ፤ ጋሽ ይመር እያንዳንዱን በዓይናቸው እየተከተሉ ይሰድባሉ። መንገዱ አጋማሽ ላይ የሲስተር የሺመቤት ስልክ ጮኸ። ጌትዬ ነው፤ ለመምህራን ሁሉ የተላከ መልእክት ነበር። ፈተናው በሦስት ሳምንት ተራዝሟል፣ ተማሪዎች አይደናገጡ፣ አማራጭ ኬዝ አልጋ አራት ላይ በመዘጋጀት ላይ ነው ይላል። አልጋ አራት ላይ ትናንት ዳሌዋ ተሰብሮ የገባች አሮጊት አለች። ሲስተር የሺመቤት ስሟን ገና አልያዘችውም።

ስልኩን ኪሷ ከተተች። እንደ ልማዷ እጇን ለመታጠብ ፈለገች፤ ውኃ አልነበረም።

የሰዓዳ የእጅ ሰዓት ጢጢጢ አለ።

«ሳይገላበጡ ሁለት ሰዓት ሞላቸው፣ ሲስተር።»

«እዚህ?» አሉ ጋሽ ይመር። «መንገድ ላይ? ሰው ያየናል እኮ!»

«መጽሐፉ በየሁለት ሰዓቱ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

ቃሬዛውን ከመንገዱ ዳር አቆሙት። ሰዓዳ በትከሻቸው፣ ሲስተር የሺመቤት በዳሌያቸው በኩል ያዙ። ጋሽ ይመር እየተራገሙ ወደ ግራ ጎናቸው ዞሩ። የልብሳቸው ጀርባ ሲገለጥ ከስድስት ዓመቱ የቀረው ሽታ ብርድ ልብሱ ውስጥ ነበርና ወጣ፤ መንገደኛው አፍንጫውን እየያዘ፣ አንዳንዱም ምራቁን እንትፍ እያለ አለፈ። ሰዓዳ አልቸኮለችም። ትራሱን አስተካከለች፣ ጉልበታቸው መካከል ጨርቅ አስገባች፣ ቆዳቸው የቀላ ቦታ እንዳለ በእጇ ደባበሰች፤ የለም።

ሲስተር የሺመቤት ብርድ ልብሱን መልሳ ሸፈነቻቸው።

«የጉብኝት ሰዓት አሁንም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው?» ብላ ሰዓዳን ጠየቀቻት።

«ዘጠኝ ላይ ነው። ማንም ሰው መግባት ይችላል።»

«እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ እንቁላሉን አራት አድርጊው፤ ሁለቱ ለአልጋ አራት።»